መስመሩ ከመቀየሱ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ

የኤሌክትሪክ ኃይል ለገጠር ዕድገት መሠረት መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። እህሉ በወፍጮ የሚፈጨው፣ የመስኖው ውሃ በፓምፕ የሚሳበው፣ በጤና ጣቢያው ያለው ክትባት ሳይበላሽ የሚቆየው በኃይል ነው። ይሁን እንጂ ኃይሉ ከሚመነጭበት ስፍራ እስከሚፈለግበት ከተማ ድረስ የሚያልፍበት መሬት ባዶ መሬት አይደለም። ማሳ አለበት፤ ግጦሽ አለበት፤ ለመጪው ትውልድ ተብሎ የተከለለ ደን አለበት። የብረት ምሰሶው የሚተከለውና ዛፉ የሚመነጠረው በዚሁ መሬት ላይ በመሆኑ በስፍራው የሚኖረው ሕዝብ «ለምን በዚህ በኩል?» ብሎ ቢጠይቅ ሊያስገርም አይገባም።

ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሰጠው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሜይን ክፍለ ግዛት የታየው ክርክር ነው። በካናዳ የኩቤክ ግዛት ከውሃ የሚመነጨውን ኃይል ወደ ማሳቹሴትስ ለማድረስ፣ 1,200 ሜጋ ዋት የሚሸከምና 233 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር በሜይን በኩል እንዲያልፍ ታቀደ። ከዚህ ውስጥ 85 ኪሎ ሜትር ያህሉ ቀድሞ መስመር ባልነበረበት የደን አገር የሚጠረግ ነበር። መስመሩ ከ2 ኪሎ ሜትር ለሚያንስ ርቀት የሕዝብ ጥብቅ መሬትንም ያቋርጣል። ከደኑና ከወንዙ የሚተዳደሩ በርካታ ነዋሪዎች፣ ደኑ የሚቆረጠው ከእነርሱ ዘንድ ሆኖ ኃይሉ በዋናነት ለሌላ ክፍለ ግዛት መሆኑን በመቃወም ተነሡ።

ነገሩ ግን አንድ ወገን ብቻ የነበረው አይደለም። የዕቅዱ ደጋፊዎች ከውሃ የሚገኘው ኃይል በተፈጥሮ ጋዝ የሚመነጨውን በመተካት የአየር ብክለትን ይቀንሳል ሲሉ ተከራክረዋል። ለሜይን ነዋሪዎችም ልዩ ልዩ ጥቅም እንደሚሰጥ ቃል ተገብቶ ነበር። በሌላ በኩል ከተቃዋሚዎቹ ጎን ቆመው ገንዘብ ካወጡት መካከል ገበያቸው እንዳይነካ የሰጉ የኃይል አመንጪ ኩባንያዎች ይገኙባቸዋል። ሆኖም ይህ የነዋሪውን ጥያቄ ዋጋ ቢስ አያደርገውም።

በጉዳዩ ላይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ድምፅ ከሰጡት መካከል 59 በመቶው መስመሩን ተቃወመ። ነገር ግን ግንባታው በዚያው ዓመት በጥር ተጀምሮ ስለነበር ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2022 በጥብቅ መሬቱ ላይ የተደረገው የኪራይ ውል ሕጋዊ ነው አለ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች፣ ሕጉ ከመለወጡ በፊት በቅን ልቦና በተሠራው ሥራ ምክንያት ባለ ዕቅዱ ግንባታውን የመቀጠል መብት አግኝቷል ሲሉ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ሥራው በዚያው ዓመት ቀጠለ፤ የብዙኃኑ ድምፅም መስመሩን ሳያስቆመው ቀረ።

ታዲያ ተቃውሞው ከንቱ ነበር ማለት ነውን? አይደለም። ቀደም ሲል በ2018፣ ሥራው ገና በወረቀት ላይ ሳለ፣ በኬነቤክ ወንዝ ሸለቆ ላይ በአየር ሊያልፍ የነበረው ሽቦ ከወንዙ በታች በመሬት ውስጥ እንዲቀበር ተደርጓል። በ2020 የተሰጠው የአካባቢ ጥበቃ ፈቃድም በአዲሱ የደን ክፍል 46 ሜትር ያህል ስፋት ሊኖረው የነበረው ጥርጊያ ከ16 ሜትር ተኩል እንዳይበልጥ ወስኗል። ከ16,000 ሄክታር በላይ መሬት በምትኩ እንዲጠበቅም አዟል። ነዋሪው ቀድሞ በተናገረ ጊዜ ንድፉ ተሻሻለ፤ ግንባታው ከተጀመረ በኋላ በተናገረ ጊዜ ግን ትርፉ የፍርድ ቤት ምልልስ፣ የጊዜና የገንዘብ ብክነት፣ በመጨረሻም ቅሬታ ሆነ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ይህን የመሰለው ነው። ጥፋቱ ግን ዘግይቶ በጮኸው ላይ ብቻ ሳይሆን በጊዜው ሳይጠይቅ በቀረውም ላይ ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ገጠር ሩቅ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። አገሪቱ ኃይል ለጎረቤት በሸጠች ቁጥር የሚዘረጋው መስመር ይበዛል፤ ማሳውንና ጥብቅ ደኑን የሚነካበትም አጋጣሚ ይበረክታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43፣ ሕዝብ ማኅበረሰቡን በሚነኩ የልማት ሥራዎች ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ደንግጓል። መብቱ ትርጉም የሚኖረው ግን ቀያሹ ችካል ከመትከሉ በፊት ሲሠራበት ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎች ለነዋሪው ያለቀ ንድፍ ሳይሆን አማራጭ መንገዶችን ይዘው መቅረብ ይገባቸዋል። ጥብቅ ደንን መዞር ስንት እንደሚያስወጣ፣ ማቋረጡስ ምን እንደሚያጠፋ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ባሕር ዛፉ ለሚቆረጥበት፣ ማሳው ላይ ምሰሶ ለሚቆምበት ገበሬ ካሳው ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ሊከፈለው ይገባል። ሽቦው ከጣራው በላይ እያለፈ በኩራዝ የሚያመሽ መንደርም ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ሊሰፍርለት ይገባል።

ነዋሪውን ቀድሞ መጠየቅ ልማትን ማዘግየት ተደርጎ መታየት የለበትም። በሜይን እንደታየው ሥራን የሚያዘገየው ሳይጠየቅ የቀረ ሕዝብ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ!