የእድሩ ጥሩንባ ለሕያዋንም ይነፋ

መስከረም 16 ቀን የሚለኮሰው ደመራ የአንድ አባወራ ሥራ አይደለም። ከየደጁ የሚመጣው ችቦ ለብቻው ቢነድ ጥቂት አብርቶ ይጠፋል፤ በአንድነት ሲደመር ግን መንደሩን ሁሉ ያደምቃል። የመረዳዳትም ነገር እንዲሁ ነው።

በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ መስቀል የሚውልበት ወቅት ለብዙው ገበሬ እጅ የሚያጥርበት ወቅት ነው። ያለፈው ዓመት የቡና ገንዘብ በክረምቱ አልቋል፤ የአዲሱ ቡና ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ ከጥቅምት ወዲህ ነው። በዚሁ መካከል ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ደብተርና ልብስ ይጠየቃል። ሕመም ወይም ሌላ ድንገተኛ ወጪ የተጨመረበት ቤተሰብ ያለው ምርጫ ጠባብ ነው፤ ያልደረሰ እንሰት መቁረጥ፣ ቡናውን ከነዛፉ በርካሽ መሸጥ፣ አለዚያም ልጁን ከትምህርት ማስቀረት። ሦስቱም የዛሬን ችግር ወደ ነገ የሚያሻግሩ ናቸው።

የገደብ ሕዝብ ርኅራኄ አይጎድለውም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን ከ800 ሺህ በላይ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ገደብ እጅግ ብዙ ተፈናቃዮች ከተጠለሉባቸው ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ራሳቸው ያልተረፋቸው ቤተሰቦች ዘመድና እንግዳ አስጠግተው ቆጯቸውን ተካፍለዋል። በ2011 ዓ.ም. የተፈናቃዮቹ ረኃብ በአገር ሲሰማም በውስጥና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን እጃቸውን ዘርግተዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ደግነት የሚነቃው መከራው የብዙ ሺህ ሰው ሲሆን ነው። በአንድ ጎጆ ውስጥ በዝምታ የሚያልፈውን ችግር የሚሰማው የቅርብ ጎረቤት ብቻ ነው።

ጎረቤት ደግሞ አስቀድሞ የተደራጀበት ማኅበር አለው፤ እርሱም እድር ነው። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ገንዘብ ይወጣል። የሟቹ ልጆች ከዓመት በኋላ ደብተር ቢያጡ ግን የሚነፋ ጥሩንባ የለም። በእኔ አስተያየት እያንዳንዱ እድር ከወርኃዊ መዋጮው ጥቂት እየቀነሰ ለሕያዋን የሚሆን ሣጥን ሊያቋቁም ይገባዋል። ለልጆች የትምህርት መሣሪያ በስጦታ፣ ለወላጆች ደግሞ ቡናው እስኪደርስ ያለ ወለድ ብድር ይስጥ። የሚረዳው ቤት ሳይዋረድ በጥቂት የታመኑ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና መምህራን ይለይ፤ መስፈርቱም ችግር እንጂ የእምነት ቤት ወይም የዘር ሐረግ አይሁን።

«የቀብር ገንዘብ ከተነካ ነገ ሞት ሲመጣ ምን እንሆናለን?» የሚል ይኖራል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ስለሆነም ሣጥኑ ለየብቻ ይሁን፤ ሒሳቡም በጉባኤ ይነገር። ደግሞም ነገሩ አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ ኤድስ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባ የነበሩ አንዳንድ እድሮች ወላጅ አልባ ሕፃናትን እስከ መርዳት ደርሰዋል። በሶንጎ ተሰብስቦ መምከር ለሚያውቀው የጌዴኦ ሕዝብም ይህ ከባድ ሸክም አይሆንም።

የደመራው እሳት በማግሥቱ ዐመድ ይሆናል። ችቦውን ያዋጣ እጅ ግን እስከ ቡናው ለቀማ ሳይታጠፍ ቢቆይ በዓሉ በእውነት ተከብሯል ማለት ነው።

መልካም የመስቀል በዓል!