«ድሮ ቀረ» ለመጫወቻም ይሠራል?

«ድሮ ዕቃ ነበር፣ አሁን ምን አለና!» የሚለውን ወቀሳ ስለ ጫማ፣ ስለ ቅቤ፣ ስለ ቆርቆሮ ስትሰሙት ኖራችኋል። ስለ መጫወቻም ይባላል። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ትንንሽ የብረት መኪና፣ የፊልም ገጸ ባሕርይ ምስልና አሻንጉሊት እየገዙ መደርደሪያ ላይ የሚደረድሩ አዋቂዎች ብዙ ናቸው። የማያልቅ ክርክራቸውም ይኸው ነው። ዋጋው ሰማይ ነካ፣ ጥራቱ ገደል ገባ ይላሉ።

ይህን ክርክር ለወራት ስከታተለው ቆይቻለሁ። (ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ሥራ ሲቀዘቅዝበት የማይከታተለው ነገር የለም።) እንደ እኔ አመለካከት ሰዎቹ የተናደዱት በከንቱ አይደለም፣ ግን የሚወቅሱት የተሳሳተውን ነገር ነው። ፕላስቲኩንና ብረቱን ይወቅሳሉ። እውነተኛው ለውጥ ያለው አሻሻጡ ላይ ነው።

ከሆት ዊልስ ልጀምር። ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እነዚህን መዳፍ ላይ የሚያርፉ መኪናዎች ያወጣው በ1968 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ 16 ሞዴሎች ነበሩ። በወቅቱ ገበያውን የያዘው የእንግሊዙ ማችቦክስ ሲሆን፣ ትኩረቱ መንገድ ላይ የምናየውን መኪና አሳንሶ መሥራት ላይ ነበር። ሆት ዊልስ ግን የመጣው ለፍጥነት ነው። አክስሉ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ እንደ ባሌስትራ ይነጥራል። ጎማው ትንሽ ሲነካ ይሽከረከራል። አካሉም ሻንሲውም ብረት ነው፤ ቀለሙ ደግሞ የሥሩን ብረት አሳልፎ የሚያሳይ አብረቅራቂ። ይህ ሁሉ ከአንድ ዶላር በታች!

ዛሬ አሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ መደበኛው ሆት ዊልስ ስንት ነው? ከአንድ ዶላር ትንሽ አለፍ ይላል። የ1968 አንድ ዶላር ደግሞ ግሽበቱ ሲሰላ በዛሬ ገንዘብ ወደ 9 ዶላር ይጠጋል። እንግዲህ ጨመረ የተባለው ዋጋ የቱ ነው? መኪናዋ ብዙ እጥፍ ረክሳለች። የአሜሪካ መንግሥት የሚያወጣው የሸማቾች ዋጋ መለኪያም ቢሆን ካለፈው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወዲህ የመጫወቻ ዋጋ በብዙ መውረዱን ያሳያል። ፋብሪካው ወደ እስያ ሄዷል፣ ምርቱም በዝቷል።

ሰብሳቢውን ይህን ስትነግሩት «እሱማ ዕቃው ስለቀለለ ነው» ይላችኋል። እውነት አለው። ዛሬ የብዙዎቹ ሻንሲ ፕላስቲክ ነው። ያ የሚነጥረው አክስልም ከተተወ ዘመን የለውም። ነገር ግን ማቴል ለሰብሳቢዎች ብሎ ለብቻው የሚያወጣው ሌላ መስመር አለ፤ አካሉም ሻንሲውም ብረት፣ ጎማው የምር ጎማ። ዋጋው ስድስት ሰባት ዶላር አካባቢ። እስቲ አስሉት። የ1968ቱ ልጅ የከፈላት ሳንቲም በዛሬ ገንዘብ ስትመነዘር እዚያው ግድም ነች። የድሮው ጥራት በድሮው ዋጋ ዛሬም መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። አዲስ የመጣው ከሱ ሥር ያለው ርካሹ ነው። ያ ርካሽ ደግሞ አራት ልጅ ያላት እናት ኪሷን ሳትፈትሽ አራት ገዝታ የምትወጣው ነው። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥር ሰው ልጅ አላሳደገም።

ሁሉም ነገር ግን እንደ መኪናዎቹ አይደለም። ስታር ዋርስን እንይ።

ፊልሙ ግንቦት 1977 ሲወጣ መጫወቻውን የመሥራት ፈቃድ የነበረው ኬነር የተባለው የሲንሲናቲ ኩባንያ ለገና መድረስ አልቻለም። ምን አደረገ? ምንም መጫወቻ የሌለበት ካርቶን ሸጠ! ውስጡ ያለው «ይህን ሞልታችሁ ላኩልን፣ በመጪው ዓመት አራት ምስሎች በፖስታ እንልክላችኋለን» የሚል ወረቀት ነው። ሰዉም ገዛ። በ1978 የመጡት ምስሎች አሥር ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ፣ አምስት ቦታ ብቻ የሚንቀሳቀሱ ነበሩ፤ አንገት፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግር። ፊታቸውን ከተዋናዮቹ ጋር ለማመሳሰል ብዙ በጎ ፈቃድ ይጠይቃል። ዋጋቸው 2 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዛሬ ገንዘብ ወደ 10 ዶላር።

አሁን ሃዝብሮ የሚያወጣው የዚያው ቁመት ምስል ከ15 ዶላር በላይ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ትልቁ ደግሞ 25 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። እዚህ ላይ ዋጋው በእርግጥ ጨምሯል፣ የግሽበት ሰበብም አያድነውም። ጥራቱስ? እሱም ጨምሯል። ጉልበቱ፣ ክርኑ፣ የእጅ አንጓው ይታጠፋል። ፊቱ በማሽን ስለሚታተም ተዋናዩን ቁጭ ነው። ታዲያ ቴክኖሎጂ ዕቃን ያረክሳል ሲባል ይህ ለምን ተወደደ?

መልሱ ያለው ገዢው ጋ ነው። ፕላስቲክ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ማውጫ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ወጪው የሚካፈለው ደግሞ በሚሸጠው ብዛት ነው። ኬነር ከ1978 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ከ200 ሚሊዮን በላይ ምስሎችን ሸጧል። ገዢው ልጅ ነበር፤ ልጅ ደግሞ ይጥላል፣ ይሰብራል፣ ውሻ ያስበላል፣ ሌላ ያስገዛል። አሁን የሚገዛው በብዛት የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ቁጥሩ ያንሳል፣ መገጣጠሚያ ይቆጥራል፣ ፊቱ ካልመሰለ ይቆጣል። አነስተኛ ምርት፣ ብዙ ዝርዝር፣ ደመወዝ ያለው ገዢ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ዋጋ መውጣቱ አይቀርም። ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ፣ ሃዝብሮ በ2019 ያንኑ የድሮውን ባለ አምስት መገጣጠሚያ አሠራር መልሶ ሲያወጣ ዋጋው 10 ዶላር ገደማ ነበር። ድሮውን ለሚፈልግ ድሮው አለ፣ ዋጋውም ከድሮው ብዙ አልራቀም።

ስለ ጥራት ስናወራ ደግሞ የሚረሳ ነገር አለ። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ነው። በአሜሪካ ለመጫወቻ ቀለም ይፈቀድ የነበረው የእርሳስ መጠን ከሚሊዮን 600 እጅ ነበር። በ2007 ማቴል ራሱ በቀለማቸው እርሳስ የተገኘባቸውን መጫወቻዎች ከገበያ ለመሰብሰብ ከተገደደ በኋላ፣ በ2008 የወጣው ሕግ መጠኑን ወደ 90 አወረደው። የሰብሳቢው ዓይን የሚያየው የብረቱን ክብደት ነው። አፍ ውስጥ የሚገባውን ቀለም የሚያየው ወላጅ ነው። ሽቦ አጣምመን፣ ቆርኪ ጎማ አድርገን መኪና የነዳን የእኔ ቢጤዎች ስለ ጥራት የምንለው ብዙ የለንም፤ ግን «የድሮው ይሻላል» የሚለው ሰው በየትኛው ሚዛን እንደመዘነ ሊጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ጨረታው እንሂድ፤ የዋጋ ወሬ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነውና። በ2024 አንድ ቦባ ፌት የተባለ የስታር ዋርስ ምስል አሜሪካ ውስጥ 525,000 ዶላር ተሸጧል። በጥራቱ ነው? በፍጹም። ይህ ከጀርባው ትንሽ ሮኬት የሚያስወነጭፍ ናሙና ነው፤ ልጅ ቢውጠው ያንቀዋል ተብሎ ገበያ ላይ ሳይወጣ የቀረ። ለመጫወቻነት ያልበቃው መጫወቻ ነው ሪከርድ የያዘው። ዋጋውን ያመጣው አለመኖሩ ነው፤ ጥቂት ቁርጥራጭ ብቻ ስለተረፉ። እና ይህን ዜና አንብቦ ቤቱ ያለውን አሮጌ ካርቶን የሚያገላብጥ ሰው የተሳሳተ ሒሳብ እየሠራ ነው።

የቢኒ ቤቢስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1993 የወጡ፣ ውስጣቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ፍሬ ያለባቸው ለስላሳ እንስሳት ናቸው። ዋጋቸው 5 ዶላር አካባቢ። ኩባንያው አንዳንዱን ሞዴል «ጡረታ ወጣ» እያለ ማምረት ሲያቆም ሰዉ አበደ፤ ለልጆች ኮሌጅ ይሆናል ብሎ በሳጥን ያከማቸ ነበር። በ1999 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተፋቱ ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው አሻንጉሊቶቹን አንድ ላንተ አንድ ለእኔ እያሉ ተካፍለዋል። ዛሬ አብዛኞቹ ያኔ የተገዙበትን ዋጋ እንኳ አያወጡም። ሁሉም ሰው የሚያስቀምጠው ነገር ብርቅ አይሆንም። የድሮዎቹ ስታር ዋርሶች የተወደዱት እኮ ልጆች ስለሰባበሯቸው ነው!

እርግጥ ሌጎ ላይ የተለየ ነገር ይነገራል። ከ1987 እስከ 2015 የወጡ የሌጎ ስብስቦችን ያጠኑ የሞስኮ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በአማካይ በዓመት 11 በመቶ ገደማ ትርፍ አግኝተውበታል። ይህ ግን ሳጥኑ ላልተከፈተ ነው፤ አማካይ ደግሞ የከሰረውን ይሸፍናል። የሌጎ እውነተኛ ተአምር ለእኔ ሌላ ነው። በ1958 የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተገዛው ጋር ቅርቅር ብሎ ይገጥማል።

እና ምኑ ነው የተበላሸው? ላቡቡን እዩ። ስሙን ያልሰማ ወላጅ ካለ ልጁን ይጠይቅ። ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ኔዘርላንድስ ያደገው ካሲንግ ለንግ በ2015 የፈጠረው ባለ ጥርስ ፍጡር ነው። ፖፕ ማርት የተባለው የቻይና ኩባንያ ቦርሳ ላይ የሚንጠለጠል አሻንጉሊት አድርጎ ሲሸጠው ዓለም ተሰለፈ። በ2025 ቤጂንግ ውስጥ ሰው የሚያክል ላቡቡ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ በጨረታ ወጣ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ገዢዎች እየተደባደቡ ስላስቸገሩ ሱቆቹ ሽያጭ አቋርጠው ነበር። አሠራሩ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ስፌቱ ደህና ነው። ችግሩ ሳጥኑ ዝግ መሆኑ ነው። የትኛው እንደሚደርስህ ሳታውቅ ትከፍላለህ። በብዙዎቹ ስብስቦች «ምስጢር» የሚባለው የሚገኘው ከ72 አንዱ ላይ ነው። አንዱ በአሜሪካ 28 ዶላር ገደማ ነው፤ በ72 አባዙት። ከ2,000 ዶላር ያልፋል፤ ያም ዋስትና የለውም።

ይህን የምናውቀው ነገር ነው። በየሰፈራችን ውርርድ ቤት ተከፍቶ ወጣቱ ትኬት ይዞ ሲቆም እያየን «ቁማር ነው» እንላለን። ሳጥኑ ላይ ፀጉራም አሻንጉሊት ሲሳልበት ግን «ስጦታ» ሆነ። ቻይና ራሷ በ2023 ባወጣችው መመሪያ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ዝግ ሳጥን እንዳይሸጥ፣ ከዚያ በላይ ላሉትም የወላጅ ፈቃድ እንዲጠየቅ አዛለች። አምራቹ አገር እንዲህ ካለ፣ ገዢው አገር ምን እየጠበቀ ነው? የ1968ቱ ልጅ ቢያንስ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈችውን መኪና በዓይኑ አይቶ፣ ቀለሟን መርጦ ነበር የሚከፍለው።

ታላቅ እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፤ ልጇ ለልደቷ ላቡቡ ብላለች። «ሳጥኑ ተከፍቶ ቀለሙ የታየውን ፈልገሽ ግዢላት፣ ትንሽ ቢወደድም ልጅቷ የምትፈልገውን ታገኛለች» ብዬ መከርኳት። ሳቀች። «አይ አንተ! አሻንጉሊቱን መች ፈለገችው፣ መክፈቱን ነው እንጂ» አለችኝ።