የሕግ ተማሪ ወደ ወንዝ ይውረድ

ሕግ የሚያጠና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ «የአካባቢ ጥበቃን ሕግ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዳሩ ግን ሥራውን ከወዴት ልልመደው? ጠበቃ አይደለሁ፣ ዳኛ አይደለሁ» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ ሕግ ዐዋቂ ባልሆንም መልሱ ከሕጉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለባለ ሥልጣኑ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቀደ። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲሄድም መንገዱን ከፈተ። ተማሪስ ሰው አይደለምን?

እንግዲህ ወዳጄ፣ ወደ አቃቂ ወንዝ ውረድ። ወንዙ የአዲስ አበባን የፋብሪካና የቤት እድፍ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ፣ በዳርና በዳሩ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ ያም አትክልት ወደ ገበያችን ይመጣል። ቱቦው ከየትኛው ግቢ እንደሚወጣ፣ ውሃው በየትኛው ቀንና ሰዓት ቀለሙን እንደ ለወጠ፣ ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ ምን እንዳለ ጻፍ። ናሙናውን ግን ከኬሚስትሪ ተማሪዎች ጋር ሆነህ አስቀዳ፤ ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደ ቀዳው ያልተመዘገበ ጠርሙስ በችሎት ፊት ውሃ ብቻ ነው።

ስለዚሁ ወንዝ አንድ የባለሙያዎች ማኅበር የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣንን ከሶ፣ በ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን ሳይቀበለው ቀርቷል። የተከሰሱት እድፉን የለቀቁት ፋብሪካዎች አልነበሩም። ማንን መክሰስ እንደሚገባ ከዚያ መዝገብ ተማር።

አቤቱታህንም ስታገባ (የመዝገብ ቤት አንባቢዎቼ አይቀየሙኝ) በቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም አስመታ፤ 30ው ቀን ማለፉን የምታስረዳው በዚያ ነው።