ጥሩምባ በኪሎ አይሸጥም

ቡታጅራ ገበያ ላይ የማረቆ በርበሬ ይዞ የወጣን ሰው በዋጋ መሸወድ የሚችል ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! ወልቂጤ ላይ ቆጮና ቅቤ የሚሸጡ እናቶችንም እንደዚያው። የጉራጌ ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ያውቃል፤ ሽታውን፣ ክብደቱን፣ ወቅቱን፣ የገዢውን ፊት ሁሉ አንብቦ ነው ዋጋ የሚጠራው። ታዲያ እዚያው ሰው ቤት፣ አልጋ ሥር፣ ከአባት የቀረች የድሮ ጥሩምባ ስትገኝ ይህ ሁሉ ብልሃት የት ይገባል? ወይ ለመጀመሪያው ቁራሌው በኪሎ ትሰጣለች፣ ወይ ደግሞ «ሚሊዮን ታወጣለች» ተብላ ሃያ ዓመት አቧራ ትጠጣለች። እኔ ሁለቱም ኪሳራ ናቸው ባይ ነኝ። ኪሳራው ደግሞ የባለቤቷ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የኪሎውን እንይ። ትራምፔት ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በሚዛን ስትሸጥ ከተሰበረ የቧንቧ መክፈቻ ጋር እኩል ሆነች ማለት ነው። ነሐስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ቁራሌው የሚገዛው እሱን ብቻ ነው። ሥራው ነውና አንፈርድበትም።

የሚሊዮኑ ሕልም የሚመጣው ደግሞ ከስልክ ነው። አንዱ ባሕር ማዶ ሆኖ የለጠፈውን የዶላር ዋጋ እናያለን፤ በብር እናባዛለን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የዶላር ዋጋ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ማባዛቱ ብቻውን ያሰክራል። ግን ጎበዝ፣ የተጠየቀ ዋጋ ሁሉ የተከፈለ ዋጋ አይደለም! ኢቤይ ላይ እንኳ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። እሱን ያላየ ሰው ዋጋ አየሁ አይበል።

«ለአንዲት አሮጌ ጥሩምባ ይህ ሁሉ ጣጣ ምንድነው?» የሚል አይጠፋም። ጣጣው ታሪኳ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ ሁለተኛ ለአፄ ምኒልክ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች («አርባ ልጆች» የምንላቸው) ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር መጥተው የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም ኬቮርክ ነው። ከዚያ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት እያለ ጥሩምባው ወታደር ቤት ገባ። የመርካቶው ልጅ ማህሙድ አህመድ ከፊት ቆሞ ሲዘፍን ከኋላው የነበረው ይኸው ነሐስ ነው። ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቦቹን አዳከመ፤ ኪቦርድ ደግሞ የአምስት ነፊ ሥራ ብቻውን ያዘ። ነፊው ጡረታ ሲወጣ ጥሩምባዋም አልጋ ሥር ገባች። አንዷ በቀለጠች ቁጥር ከዚያ ዘመን ድምፅ አንድ ይጎድላል።

እንግዲህ ዋጋ እንቁረጥ። ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን ዜና ከመጻፍ በፊት «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት» ብለን እንድንጠይቅ ነበር፤ ለጥሩምባም ይሠራል።

ምን ናት? እኛ ሁሉንም «ጥሩምባ» ብለን እንጨርሰዋለን። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ቱባ ዋጋቸው ለየቅል ነው። ሽለላን በሳክስፎን የነፋው ጌታቸው መኩሪያ የያዛት ዕቃ እንኳ ነሐስ ትሁን እንጂ በሸምበቆ ምላስ ስለምትነፋ ባለሙያዎች የሚመድቧት ከእንጨት ነፊዎቹ ጋር ነው፤ ገዢዋም ሌላ ነው።

ማን ሠራት፣ መቼ? ሰፊው አፏ ላይ የተቀረጸው ብዙውን ጊዜ የሠሪዋ ስም ነው። ሰውነቷ ላይ ያለው ተራ ቁጥር ደግሞ የልደት ሰርተፊኬቷ ነው፤ የታወቁ ሠሪዎች ቁጥር የተሠራችበትን ዓመት ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የተሠራው የፈረንሳዩ ሰልመር ማርክ 6 ሳክስፎን እስካሁን ይታደናል። ስሙ ያልታወቀ የተማሪ ጥሩምባ ግን መቶ ዓመት ቢሞላውም ፈላጊ የለውም። ብርቅ የሆነ ሁሉ ውድ አይደለም! አንዳንድ በጣም አሮጌዎች ቅኝታቸው ከዛሬው ከፍ ስለሚል ከባንድ ጋር አይገጥሙም።

ጤናዋስ? ፒስተኖቹ ወርደው ይመለሳሉ? ተንሸራታች ቧንቧዎቹ ይወጣሉ ወይስ ተጣብቀዋል? ጎድጎድ ያለው ይቃናል፤ ቧንቧው ላይ ቀላ ያለ ነጠብጣብ ካለ ግን ዚንኩ ተበልቷል፣ ነሐሱ ከውስጥ እየሞተ ነው። እባካችሁ ደግሞ ለገዢ እንድታምር ብላችሁ በአመድና በሎሚ አትፈትጓት! ቅቡና ጽሑፉ ከለቀቀ ዋጋዋም አብሮ ይለቃል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ዋጋ ይኖራችኋል። አንደኛው የሚዛን ዋጋ ነው፤ ወለሉ እሱ ነው፣ ከዚያ በታች የለም። ሁለተኛው የነፊ ዋጋ ነው፤ ተመሳሳይዋ በደህና ጤና ከተሸጠችበት ላይ የጥገናውን ወጪ ቀንሱ። ሦስተኛው የታሪክ ዋጋ ነው፤ እሱ የሚጠየቀው ማስረጃ ሲኖር ብቻ ነው። አባትየው ይዘዋት የተነሱት ፎቶ፣ የሥራ መታወቂያ፣ የባንዱ ስም። «አባቴ ክቡር ዘበኛ ነበሩ» የሚል ወሬ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የመሥሪያ ቤት ማህተም ወይም የንብረት ቁጥር ካለባት መጀመሪያ የማን እንደሆነች ይጣራ። ወደ ውጭ ከመላኳ በፊትም ስለ ቅርስ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መኖሩን አስታውሱ።

«የቸገረው ሰው ምን ያድርግ?» ትሉኛላችሁ። ይሽጥ! አትሽጡ የሚል ሰው የሌላውን የቤት ወጪ አይሸፍንም። የምለው አንድ ሳምንት ታገሱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚማር ወይም ማርሽ ባንድ ውስጥ የሚነፋ ልጅ ፈልጋችሁ አስነፏት፣ ሦስት ገዢ አነጋግሩ ነው። በርበሬ ሻጩ ከዚያ ያነሰ አያደርግም።

የመጨረሻው ሐሳቤ ብዙ ነጋዴ አይወድልኝም። ከሳሎን ግድግዳ ላይ ሊሰቅላት ከሚፈልገው ሀብታምና ሊነፋት ከሚፈልገው የወልቂጤ ልጅ መካከል የዋጋው ልዩነት የምትችሉት ከሆነ፣ ለልጁ ቀንሱለት። ግድግዳ አይነፋም።