ኮርኒሱን ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ



እስኪ አሁን ቀና በሉና የቤታችሁን ኮርኒስ እዩት። ቢጫ ክብ እድፍ አለ? ልስኑ አብጧል? ጥጉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል? ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ደግሞ ሽንት ቤት ነው? እንግዲያው ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

አርባ ምንጭ ላይ፣ ሲቀላም በሉት ሴቻ፣ ፎቅ ቤት እየበዛ ነው። ፎቅ ሲበዛ የአንዱ ሽንት ቤት ወለል ለሌላው ጣሪያ ይሆናል። ከላይ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር ይታወቃል፦ መጀመሪያ ባልዲ እንደቅናለን፣ ከዚያ ቀለም ቀቢ እንጠራለን። ከሁለት ወር በኋላ እድፉ ሰፍቶ ይመለሳል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ይህ የቀለም ጉዳይ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። እኛ አገር ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው የወባ ምርመራ ሳናደርግ ፓራሲታሞል ሰጥተን አንሸኝም። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ወባው ግን እዚያው ነው። ቀለምም እንደዚሁ ነው።

ለምን የጤና ጉዳይ ሆነ?

1. የሚንጠባጠበው የሽንት ቤት ፍሳሽ ሊሆን ይችላል። ሰገራ የነካው ውሃ ታይፎይድን፣ አሜባን፣ ጃርዲያን፣ የጉበት ብግነት ኤን እና ኮሌራን ሊያስተላልፍ ይችላል። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከባሌ ተነስቶ ብዙ አካባቢዎችን ያዳረሰውን ኮሌራ አንርሳ። ከሽንት ቤቱ በታች ያለው ኩሽና ከሆነ ደግሞ ጠብታው የሚያርፈው ሌማት ላይ፣ ጀሪካን ላይ፣ የተከተፈ ሰላጣ ላይ ነው።

2. ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የንጹህ ውሃ ቧንቧ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ውሃ ሲኖር ግፊት ስላለው ወደ ውጭ ያፈሳል። ውሃው ሲቋረጥና ግፊቱ ሲወርድ ግን ያው ስንጥቅ በአካባቢው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ በየሳምንቱ ሊደጋገም ይችላል። የሽንት ቤት ፍሳሽ አጠገብ ያለ ስንጥቅ ሲሆን ምን ሊገባ እንደሚችል አስቡት። ስለዚህ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ የመጀመሪያውን ለጽዳት ተጠቀሙበት፤ የምትጠጡትን አፍሉ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ አክሙ።

3. ሻጋታ። እንደ አርባ ምንጭ ሞቃት በሆነ ቦታ እርጥብ ግድግዳ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አስም ያባብሳል፣ ሳልና የአፍንጫ አለርጂ ያመጣል። ሳሉ የማይለቀው ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ሽሮፕ ከመቀያየራችሁ በፊት ልጁ የሚተኛበትን ክፍል ኮርኒስ እዩ።

4. ባልዲው ራሱ። ሳይደፋ ከሳምንት በላይ የቆየ ውሃ የትንኝ መፈልፈያ ነው። በ2009 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው የከተማ ወባ አስተላላፊ፣ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ፣ በበርሜልና በታንከር ውሃ ውስጥ የምትራባ ናት። ባልዲውን በየቀኑ ድፉ።

የፍሳሽ መስመር ችግር ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል የሆንግ ኮንግ ሰዎች በደንብ ያውቃሉ። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2003) ሳርስ በተነሳበት ጊዜ፣ አሞይ ጋርደንስ በሚባል የመኖሪያ መንደር ከ300 በላይ ሰዎች ተያዙ። ተቅማጥ የያዘው አንድ ታማሚ እዚያ ሽንት ቤት ተጠቅሞ ነበር። የጤና መርማሪዎች ጥርጣሬ ያረፈው በፍሳሽ መስመሩ ላይ ነው፦ በወለል ማፍሰሻዎቹ ስር ያለው የታጠፈ ቱቦ ውሃው ደርቆ ስለነበር የፍሳሹ አየር ወደ መታጠቢያ ቤቶች ተመልሶ ገባ፤ ከዚያም ላይ የተሰነጠቀ ቱቦ ተገኘ። የማትጠቀሙበት ሻወር ወይም የወለል ማፍሰሻ ካለ በየሳምንቱ ውሃ ጨምሩበት የምንለው ለዚህ ነው። ያ ትንሽ ውሃ ሽታና ጀርም የሚዘጋ ክዳን ነው።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ሴራሚክ ከማስፈለጣችሁ በፊት እነዚህን በቅደም ተከተል ሞክሩ። ወጪያቸው ከምንም አይቆጠርም።

አንደኛ፣ ሰዓቱን መዝግቡ። መቼ ነው የሚንጠባጠበው? ሌሊትም ቀንም፣ ሰው ተጠቀመም አልተጠቀመ የሚፈስ ከሆነ ጥርጣሬው የንጹህ ውሃ መስመር ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅበት ብቻ ከሆነ የመቀመጫው መገጣጠሚያ ወይም የፍሳሽ ቱቦው ነው። ሰው ሻወር ሲወስድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወለሉ ወይም የወለል ማፍሰሻው ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃውን ዝጉ። ከላይ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና አንሱ። ማንም ሳይጠቀም ቁጥሩ ከጨመረ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ነገር ግን ጣሪያ ላይ ሮቶ ያለው ቤት ከሆነ ቆጣሪው ያታልላችኋል፤ ታንከሩ ሲሞላም ይዞራል። እንዲህ ከሆነ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደውን ጌት ቫልቭ ዝጉና ጠብታውን ተከታተሉ። ሶሌታው የጠጣው ውሃ ቶሎ ስለማያልቅ ቢያንስ አንድ ሌሊት ጠብቁ።

ሦስተኛ፣ ቀለም ተጠቀሙ። የኬክ ቀለም ካለ ጥሩ፣ ከሌለ የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ ይበቃል። ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨምሩና ውሃ ልቀቁበት፣ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙ። ታች ቀይ ጠብታ ከመጣ ምንጩ ታወቀ። ካልመጣ በማግስቱ የወለል ማፍሰሻው ላይ ሞክሩ። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉ፣ የትኛው እንደሆነ ይምታታባችኋል።

አራተኛ፣ መቀመጫውን በእጅ ነቅነቅ አድርጉት። የሚነቃነቅ ከሆነ ወይም ስሩ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ የሚሸት ከሆነ መገጣጠሚያው ለቅቋል። ዙሪያውን ሲሚንቶ መለጠፍ መፍትሔ አይደለም፤ ውሃው ወደ ክፍሉ መውጣቱን ትቶ ሁሉም ወደ ታች ይሄዳል። ይነሳና ማሸጊያው ይቀየር።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እድፉ ያለበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ላይሆን ይችላል። የሐሞት ከረጢት ህመም ቀኝ ትከሻ ላይ እንደሚሰማው ሁሉ፣ ውሃም በሶሌታው ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። እድፉ ያለበትን ብቻ ቆፍሮ “ምንም የለም” የሚል ባለሙያን አትመኑ።

ጥንቃቄ!

ጠብታው አምፖል ወይም ሶኬት አጠገብ ከሆነ መጀመሪያ የዚያን ክፍል መብራት ከብሬከሩ አጥፉ። ኮርኒሱ ያበጠና የተንጠለጠለ ከሆነ ከስሩ አትቁሙ፣ ልጆችንም አርቁ። ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፤ መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ተጠቀሙ። በረኪናን ለሽንት ቤት ማጽጃ ከሚሸጠው አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ጠብታ የነካውን ያልተሸፈነ ምግብ ያለ ማቅማማት ጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ብዙ ጊዜ ምርመራው የማይደረገው ስለሚከብድ አይደለም፤ ስለማንነጋገር ነው። ታች ያለው ሰው “የሽንት ቤትሽ ውሃ ምሳዬ ላይ እየወረደ ነው” ብሎ ጎረቤቱን ለመናገር ይሉኝታ ይይዘዋል። ላይ ያለችው ደግሞ የእሷ ቤት ደረቅ ስለሆነ “እኔ ጋ ምንም ችግር የለም” ትላለች። ህመሙ ታች ነው፣ በሽታው ላይ። ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ በራችሁን ክፈቱ። ለቀለም ምርመራ ግማሽ ሰዓት ስጡ። የእናንተ ሽንት ቤት የሌላ ሰው ልጅ አልጋ ላይ ሊሆን ይችላል።

አከራዮችም፣ ተከራይ “ያንጠባጥባል” ሲል ኪራይ ለማስቀነስ ሰበብ ፈለገ አትበሉ። እያንዳንዱ ጠብታ ሶሌታው ውስጥ ያለውን ብረት እያዛገ ነው፤ የምትከስሩት እናንተው ናችሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ አስቀምጧል። ብዙ ቤት የሚጋራው ቱቦ ከሆነ በአንድ ሰው ኪስ ላይ ከመጣል ለነዋሪዎች ማኅበር አቅርቡት።

አርባ ምንጭ ስሟን ከምንጭ ያገኘች፣ ዩኒቨርሲቲዋም በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረባት ከተማ ናት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣት ያበረዱትም እዚሁ ነው። ስለ ውሃ በሚታወቅበትና ሽማግሌ በሚከበርበት አገር፣ አንድ ቧንቧ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያኮራርፍና ልጆችን ሊያሳምም አይገባም። ዛሬ ማታ ሻይ አፍሉና የላይኛውን ጎረቤታችሁን ጥሩ። ቀዩን ውሃ አብራችሁ ልቀቁ።

ከሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥ፣ የማይበርድ ትኩሳት ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ ግን ቧንቧው እስኪሠራ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ለሐኪሙም ስለ ኮርኒሱ ንገሩት።

ፎቅ ላይ ወይም ፎቅ ስር ለሚኖር ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!