የቀትር ሙቀትና የጎረቤት ሐቅ



ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው የግንቦትንና የሰኔን ቀትር ያውቃል። ከስድስት ሰዓት በኋላ የሱቅ በሮች አንድ በአንድ ይዘጋሉ፤ መንገዱ ጭር ይላል፤ ባጃጅ ነጂው እንኳ ዛፍ ሥር ፈልጎ ይቆማል። ወንዱ በሽርጥ፣ ሴቷ በስስ ቀሚስ ምንጣፍ ላይ ጋደም የሚሉበት ሰዓት ነው። ከደጋ የመጣ እንግዳ ይህን አይቶ «የድሬ ሰው ሥራ አይወድም» ብሎ ይፈርዳል። ሁለተኛውን ሳምንት ሳይጨርስ ግን እርሱም ከምንጣፉ ላይ ይገኛል። በቀትር ማረፍ፣ ማለትም ቀይሉላ፣ ከሶሐቦች ዘመን የወረስነው ልማድ ነው። በጁሙዓ ቀን ምሳቸውንም ቀይሉላቸውንም ከሶላት በኋላ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። (ቀትሩን በበርጫ የሚያሳልፈውን ወንድማችንን ለዛሬ እንተወው፤ የእርሱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ከተማዋ ራሷ የተሠራችው ሙቀትን በማሰብ ነው ማለት ይቻላል። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ነበር። ከዚራን የነደፉት ሰዎች በመንገዱ ዳርና ዳር ዛፍ ተከሉ፤ ለቤቶቹም ሰፊ በረንዳ አወጡ። ከደቻቱ ማዶ መጋላ ላይ የሰፈሩት ነጋዴዎች በበኩላቸው ቤቶቻቸውን አጠጋግተው በመካከሉ ጠባብ መተላለፊያ ተዉ። መንገዱ የተለያየ ይሁን እንጂ ሁለቱም የፈለጉት ጥላ ነበር።

ዛሬ ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን ግን ከሩቅ የሚመጣ ወሬ ነው። በአውሮፓ የሚኖሩ ልጆቻችን በሐምሌና በነሐሴ ስልክ ሲደውሉ «ኡሚ፣ ሙቀቱ ሊገድለን ነው» ማለት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እናት «ስንት ዲግሪ ሆነ?» ትላለች። «38» ሲሏት ትሥቃለች፤ ለድሬ ሰው 38 ምኑ ይገርማል! ነገሩ ግን የሚያሥቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 በፈረንሳይ ብቻ ወደ 15 ሺሕ የሚጠጋ ሰው በሙቀት ሳቢያ ሞቷል። የዚያ በጋ ሙቀት በመላው አውሮፓ የቀጠፈው ሰው ከ70 ሺሕ በላይ እንደሚሆን ተመራማሪዎች አስልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋም እንዲሁ ከ60 ሺሕ በላይ ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በእንግሊዝ አገር 40.3 ዲግሪ ተለክቷል፤ በአገሪቱ ታሪክ ከ40 በላይ ሲለካ የመጀመሪያው ነበር።

ለመሆኑ እኛ የምንኖርበት ሙቀት እነርሱን የገደላቸው ስለምንድን ነው? አንደኛ፣ የሰው አካል ሙቀትን የሚለምደው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው፤ ሙቀቱ በአንድ ቀን ሲወርድበት ላቡን እንኳ በወጉ ማላብ አይችልም። ሁለተኛ፣ ቤታቸው የተሠራው ሙቀትን ይዞ እንዲያቆይ ነው፤ ለብርዱ ወራት የበጀው ግድግዳ በበጋ ምድጃ ይሆናል። በፓሪስ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ በፎቁ መጨረሻ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባሉ ጠባብ ክፍሎች የሚኖሩ ነበሩ። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም የከፋው ይመስለናል። ወሩ የዕረፍት ወር በመሆኑ ልጆች ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደው ነበር፤ ጎረቤትም አልነበረም። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በር ዘግተው፣ ውኃ የሚያቀብላቸው አጥተው ብቻቸውን ሞቱ። ዘመድ መጥቶ ሬሳቸውን ያልወሰደላቸውም ነበሩ፤ የፓሪስ ከተማ እነዚህን በራሷ ወጪ ስትቀብር የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሳይቀሩ ተገኝተዋል።

ፈረንሳይ ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ሕግ አወጣች። በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ የከተማ አስተዳደር ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ስም የሚይዝ መዝገብ እንዲኖረው፣ ሙቀት ሲበረታም እየደወለ ደኅንነታቸውን እንዲጠይቅ ታዘዘ። ሠራተኛውም በዓመት አንድ ቀን ያለ ተጨማሪ ደመወዝ ሠርቶ ገቢው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲውል ተደረገ። መልካም ሥራ ነውና እናመሰግናለን። እኛ ግን ለዚህ መዝገብ አላስፈለገንም ነበር፤ ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ሐቅ ደጋግሞ ከማስታወሱ የተነሣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን የማያውቅ ሙስሊም የለም።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እስቲ ደግሞ ወደ ግቢያችን እንመልከት። ዱሮ በድሬ አንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ቤተሰብ ይኖር ነበር። በሙቀት ወራት ማታ ሁሉም ፍራሹን አውጥቶ ደጅ ስለሚተኛ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳልተነሣ ጠዋት ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር። አሁን አጥሩ ከፍ ብሏል፤ በሩም ብረት ሆኗል። ልጆች ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ገንዘብ ይልካሉ፤ አላህ ይስጣቸው። እናትየው ግን ኮርኒስ በሌለው አንድ ክፍል ከቆርቆሮ ሥር ብቻዋን ትውላለች። ቬንትሌተር ተገዝቶላታል፤ መብራት ሲሄድ ግን እርሱም ይቆማል። የፓሪሷ አሮጊት ከዚህች እናት በምን ትለያለች?

አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በዕድሜ የገፋ ሰው ውኃ እየጎደለው እንኳ ጥሙ ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ «ጠምቶሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ ቀድቶ ማቅረብና አጠገቡ ተቀምጦ ማጠጣት ያስፈልጋል። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ በሙቀት ወራት ፈጥነው ይደክማሉ። መድኃኒቱን በራሳቸው ፈቃድ ሳያቋርጡ ሐኪማቸውን ቢያማክሩ ይበጃል። በየግቢው ያሉ ወጣቶች ከዙሁር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዐስር በኋላ አንድ ጊዜ ተራ ገብተው የእነዚህን ሰዎች በር ቢያንኳኩ የሚፈጀው ጊዜ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። በውጭ ያለው ልጅም ለእናቱ ከሚልከው ላይ ጥቂት ቀንሶ ኮርኒስ ቢያሠራላት፣ ጣሪያውንም ነጭ ቀለም ቢያስቀባላት ከሁለተኛ ቬንትሌተር የተሻለ ይጠቅማታል፤ ነጭ ጣሪያ የፀሐይን ጨረር ይመልሳልና። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ቬንትሌተር ብቻውን ትኩስ አየር ከማመላለስ በቀር አያበርድም። ያን ጊዜ ገላን ወይም ልብስን በውኃ ማራስ ይሻላል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን በተለይ ፍቱን ነው።

እስካሁን የተናገርነው ቤት ውስጥ ስላለው ሰው ነው። ቀትር ላይ ቤቱ መግባት የማይችለውስ? ሲሚንቶ የሚያወርደው ጫኝና አውራጅ፣ በግንባታ ላይ ድንጋይ የምታቀብለው ልጅ፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲሟን ዘርግታ የተቀመጠችው እናት፣ በየቤታችን ምጣድ ላይ የቆመችው ሠራተኛ ለእነርሱ ቀይሉላ የለም። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ መከፈል እንዳለበት ከሚንበር ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ስለ ላቡ ራሱ ግን ብዙም አንነጋገርም። በሥራችን ያሉትን ሰዎች ከዐቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው፣ ካሸከምናቸውም አብረን እንድናግዛቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዝዘዋል። አሠሪ ሥራውን በንጋት አስጀምሮ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢያሳርፍ ምን ይከስራል? እንጀራውስ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቢጋገር ምን ይጎድላል? የቤቱ ሰው ሁሉ በተጋደመበት ሰዓት አንዲት ልጅ በእሳት ፊት እንድትቆም ማድረግ ከዲናችን ጋር እንዴት እንደሚስማማ አይገባንም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ በሙቀት መሠቃየትን ራሱን እንደ ዒባዳ ይቆጥረዋል። ይህ ስሕተት መሆኑን የአቡ ኢስራኢል ታሪክ ያስረዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኹጥባ እያደረጉ ሳለ አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ አዩ። ጉዳዩን ሲጠይቁ፣ ላለመቀመጥ፣ ላለመጠለል፣ ላለመናገርና ለመጾም የተሳለ መሆኑ ተነገራቸው። እርሳቸውም እንዲናገር፣ እንዲጠለልና እንዲቀመጥ፣ ጾሙን ግን እንዲፈጽም አዘዙ። ከአራቱ ዒባዳ ሆኖ የተገኘው ጾሙ ብቻ ነበር። ሙቀት ሲበረታ የዙሁርን ሶላት አየሩ ቀዝቀዝ እስኪል ማዘግየት የተፈቀደውም ከዚሁ እዝነት ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ በአንድ ጉዞ ላይ ሙአዚኑ አዛን ሊያደርግ ሲል ነቢዩ የጉብታዎቹ ጥላ እስኪታይ ድረስ አዘግይተውታል።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1445 ዓመተ ሂጅራ ሐጅ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024፣ መካ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ ከ1,300 በላይ ሑጃጆች ሞተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የሳዑዲ መንግሥት እንደገለጸው ከሟቾቹ አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የገቡ ስለነበሩ መጠለያ አጥተው በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግር የተጓዙ ናቸው። ዐረፋ በእነዚህ ዓመታት በግንቦት ወር እየዋለ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ዒዱ ግንቦት 29 ቀን ነበር። ስለዚህ የዐረፋን ቀን የሚጾም የድሬ ሰው በከተማዋ የሙቀት ወር ነው የሚጾመው። ለስሑር ተነሥቶ በቂ ውኃ ይጠጣ፤ የገበያውንና የበጉን ጣጣ በንጋት ይጨርስ። የታመመና የደከመ ሽማግሌ ግን በሱና ጾም ሕይወቱን አደጋ ላይ እንዲጥል ማንም አላዘዘውም።

ውኃን ካነሣን በድሬ ስለ ውኃ ሲወራ አብሮ የሚነሣ ሌላ ችግር አለ። የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ በርሜልና ጀሪካን ይሞላል። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ብዙ አሥር ሺሕ ሰው የያዘው ቺኩንጉንያ ሲያጠቃት በሽታውን ያስተላለፈችው ትንኝ የምትራባው በዚሁ በተከማቸ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው። ትንኟ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውኃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ በመሆኑ ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በርሜሉን በውስጥ በኩል ፈግፍጎ ማጠብና በደንብ መክደን ያስፈልጋል። ደግሞም የምትነድፈው በቀን ነው። አጎበርን የሌሊት ዕቃ ብቻ አድርገን የምናይ ከሆነ ቀትር ላይ ለሚተኛው ሕፃን ምንም አላደረግንለትም ማለት ነው።

የቀትር እንቅልፍ ሲነሣ ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊያስተምሩት የሚገባ አንድ አደብ አለ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኑር ልጆች አስፈቅደው እንዲገቡ ካዘዘባቸው ሦስት ጊዜያት አንዱ ሰው ከሙቀቱ የተነሣ ልብሱን የሚያወልቅበት ቀትር ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ብቻ ቢሆን እንኳ በመካከሉ መጋረጃ መዘርጋት አይከብድም።

በደጃፋችን ስለምናኖረው የመጠጥ ውኃ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ.) ለሞተች እናታቸው የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ሲጠይቁ የተመለሰላቸው መልስ ውኃ ነበር። በወይራ የታጠነ እንስራ ከነኩባያው በጥላ ሥር ቢቀመጥ ወጪው ትንሽ ነው። እንስራው ይከደን፤ ኩባያውም በየጊዜው ይታጠብ። ስለ ዛፍ ግን አንድ ቃል እንጨምር። ሰዎች በሚጠለሉበት ጥላ ሥር መጸዳዳት ርግማን እንደሚያመጣ በሐዲስ ተነግሯል። በከተማችን ከአንዳንድ ዛፍ ሥር የሚሸተውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን የምንጠቅሰው ስለምን እንደሆነ ይገባዋል።

በመጨረሻም ሰው በሙቀት ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ብዙ ላብ ሲታይ ሰውየውን ጥላ ሥር አስቀምጦ ውኃ ቀስ በቀስ ማጠጣት ነው። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የገላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ስለሚችል በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከበው አየር አይከልክሉት። ልብሱን አላልተው መላ ገላውን በውኃ ያርሱት፤ ባገኙት ነገር ያራግቡት፤ በረዶ ከተገኘ በአንገቱ፣ በብብቱና በጉያው ያድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ማቀዝቀዙን ሳያቋርጡ በተገኘው ባጃጅ ወደ ድል ጮራ ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ያድርሱት።