ቦዩን መድፈን ወይስ ሌባውን መያዝ? የኢንተርኔት ቁጥጥር ሕጎችና የገጠማቸው ተቃውሞ

በገበያ ቀን በብዙ የወረዳ ከተሞች የሚታይ አንድ የተለመደ ሥራ አለ። ወጣቶች የስልካቸውን ሚሞሪ ካርድ ይዘው ወደ ትንንሽ ሱቆች ይገባሉ፤ ጥቂት ብር ከፍለውም አዳዲስ ዘፈኖችንና ፊልሞችን አስጭነው ይወጣሉ። ባለሱቁ ክፍያውን ያገኛል፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ዜማውን ለደረሰው፣ ግጥሙን ለጻፈውና ለዘፈነው ሰው ግን ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አይደርሰውም።

ይህ ጉዳት የኢትዮጵያ ከያንያን ብቻ አይደለም። ግዙፍ የፊልምና የሙዚቃ ገበያ ያላት አሜሪካም ከዓመታት በፊት ችግሩን በሕግ ለመግታት ሞክራ ነበር። ይሁን እንጂ ረቂቅ ሕጎቹ ከሌቦቹ ይልቅ ሕጋውያን ተጠቃሚዎችን አስቆጡ። የሆነውን መለስ ብሎ መመርመር ዛሬም ላልተቋጨው ክርክር ትምህርት ይሰጣል።

ረቂቆቹ ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 በሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ለሴኔቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በላማር ስሚዝ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀረቡ። ዋነኛ ዒላማቸው ከአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ውጭ ሆነው የተሰረቁ ሥራዎችን የሚያሰራጩ የውጭ ድረ ገጾች ነበሩ። ባለቤቶቹን መያዝ ስለማይቻል መንገዱን መዝጋት ተመረጠ። የመፈለጊያ ድርጅቶች ድረ ገጹን ከውጤታቸው እንዲያወጡ፣ ማስታወቂያ አቅራቢዎችና የክፍያ ድርጅቶች ገንዘብ እንዲያቋርጡበት፣ የኢንተርኔት አቅራቢዎችም ስሙን ለሚጠይቅ ደንበኛ አድራሻውን እንዳይሰጡ ታሰበ።

ተቃውሞው የተነሣው ከዚህ አሠራር ነው። በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከተራው ውጭ ውኃ የጠለፈ ሰው ሲገኝ የውኃ አባቱ ያንን ሰው ይጠይቃል፣ ይቀጣል፤ ዋናውን ቦይ ደፍኖ የታችኛውን ማሳ ሁሉ አያደርቅም። ሚሊዮኖች ጽሑፍና ቪዲዮ በሚለጥፉበት ድረ ገጽ ላይ ጥቂቶች የሌላ ሰው ሥራ ቢለጥፉ፣ በረቂቆቹ መሠረት ድረ ገጹ በሙሉ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። በስሚዝ የመጀመሪያ ረቂቅ የመብት ባለቤት ነኝ ባይ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ባቀረበው አቤቱታ ብቻ፣ የክፍያና የማስታወቂያ ድርጅቶች በ5 ቀናት ውስጥ እርምጃ እንዲወስዱ ይጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ነባር ሕግ ግን አንድ ድረ ገጽ አቤቱታ ሲደርሰው የተባለውን ሥራ ካነሣ ከተጠያቂነት ይድን ነበር።

ጥር 9 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2012) የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለ24 ሰዓታት ጠቆረ። ጎግል ዓርማውን በጥቁር ሸፈነ፤ ሬዲትና ሌሎች ብዙ ድረ ገጾችም ተከተሉ። የጠቆረው የዊኪፔዲያ ገጽ ከ160 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ፤ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችም የወኪላቸውን አድራሻ በዚያው ፈለጉ። የፊልም አምራቾችን ማኅበር ይመሩ የነበሩት የቀድሞው ሴናተር ክሪስ ዶድ ድርጊቱን ኩባንያዎቹ ባገኙት ነፃነት አላግባብ መጠቀም ነው ሲሉ ነቀፉት። ሆኖም የምክር ቤት አባላት ድጋፋቸውን ተራ በተራ አነሡ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ የሁለቱም ረቂቆች ሂደት እንዲቆም ተወሰነ።

በሁለቱ ቀናት መካከል የተከሰተው ነገርም ልብ ሊባል ይገባል። ጥር 10 ቀን የአሜሪካ መንግሥት ሜጋአፕሎድ የተባለውን ግዙፍ የፋይል ማከማቻ በነባሩ ሕግ ዘጋ። ለተቃዋሚዎቹ ይህ ቦዩን ሳይደፍኑ ተጠርጣሪውን መጠየቅ እንደሚቻል የሚያሳይ ማስረጃ ሆነላቸው።

ማዕበሉ አውሮፓም ደረሰ። ከፖላንድ ጀምሮ በብዙ ከተሞች የተቀጣጠለው ሰልፍ ከሐሰተኛ ምርት ጋር የቅጂ መብትን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቃወመ። የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2012 ስምምነቱን በ478 ተቃውሞና በ39 ድጋፍ ውድቅ አደረገው።

ድሉ ግን ዘላቂ አልሆነም። በመጋቢት 2019 ያው ፓርላማ ትልልቅ የይዘት ማሰራጫ ድርጅቶችን ለሚለጠፍባቸው ሥራ ተጠያቂ የሚያደርግ መመሪያ በ348 ድጋፍና በ274 ተቃውሞ አጸደቀ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰብስቦ፣ የጀርመንኛው ዊኪፔዲያ ጠቁሮ፣ በጀርመን ከተሞች ሰልፍ ተደርጎ እንኳ ውሳኔው አልተቀለበሰም።

ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት የሕጉ ቅርጽ መለወጡ ነው። አዲሱ መመሪያ ድረ ገጽን ከመዝጋት ይልቅ ከሥራው የሚያተርፈው ድርጅት ከባለመብቱ ፈቃድ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ እንደ ዊኪፔዲያ ያሉ ለትርፍ ያልቆሙ መዛግብተ ዕውቀትንም ከግዴታው ነፃ አድርጓል። ሁለተኛውና ዋነኛው ምክንያት ግን የከያኒው አቤቱታ መልስ ሳያገኝ መቆየቱ ነው። ተቃውሞ ክፉ ሕግን ያስቆማል፤ ሕጉን የወለደውን ጉዳት ግን አይሽርም። ያልተፈወሰ ጉዳት ደግሞ ሌላ ረቂቅ ይዞ ይመለሳል።

ኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ን በ1996 ዓ.ም. አውጥታለች። አዋጁ የደራሲን መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል፤ ሲወጣም ሆን ብሎ መብቱን ለጣሰ ሰው እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። የገበያ ቀኑ ሱቅ ግን ዛሬም ክፍት ነው። የቅጣት ክብደት ብቻውን ሥርቆትን እንደማይገታ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ሊነሡ ይገባል። አንደኛው ዜጋው የገበያ ዋጋና የአየር ትንበያ የሚያገኝበት መስመር ለጥቂቶች ጥፋት ሲባል እንዳይዘጋ እንዴት ይጠበቃል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዘፈኑን የሚወድ ሁሉ በአቅሙ ከፍሎ የሚያገኝበት ቀላልና ሕጋዊ መንገድ ማን ያዘጋጃል የሚል ነው። አሜሪካውያን የመጀመሪያውን በአንድ ቀን መለሱ። ሁለተኛው በሚሞሪ ካርዱ ሱቅ ደጃፍ ዛሬም መልስ ይጠብቃል።